የዱርና የደን ጠባቂነት ሙያ በአገራችን

የሸማኔው፥ የአንጥረኛው፥ የገበሬውና የነጋዴው ሙያ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ደንን፥ አፈርን፥ ውኃንና የዱር አራዊትን መጠበቅ ግን ለብዙ ዘመን የሁሉም ግዴታ እንጂ የማንም እንጀራ አልነበረም። ይህ ተግባር ደመወዝ፥ ማዕረግና ትምህርት ቤት ያለው ሙያ የሆነው መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ዛሬ ከየዩኒቨርሲቲው በዚህ ትምህርት ተመርቀው የሚወጡ ወጣቶች «ሥራችን ወዴት ያመራል?» ብለው ሲጠይቁ መስማት የተለመደ ስለ ሆነ፥ ሙያው እንዴት እንደ ተወለደ መመልከቱ ለጥያቄያቸው ሳይጠቅም አይቀርም።

በጎጃምና በጎንደር ደጋ የሚጓዝ መንገደኛ በሩቅ የዛፍ ጥላ ባየ ጊዜ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። የደብሩን ዐፀድ የጠበቀው የታጠቀ ዘበኛ ሳይሆን የካህናቱ ግዝትና የምእመናኑ ፍርሀት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ አስተከሉ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ይህ በአፈ ታሪክ የተላለፈ ቢሆንም፥ የመናገሻ ሱባ ደን እስከ ዛሬ ቆሞ መታየቱ ትረካውን በሰው ልብ አጽንቶታል።

ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ የከተማው ሰው ቍጥር በፍጥነት በመጨመሩ ያካባቢው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተመናመነ፤ ከዚህም የተነሣ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማውን በቦታው ያጸናው በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ተወላጅ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን ያስመጡት ሞንዶን ቪዳይዬ የተባሉት ፈረንሳዊ አማካሪ እንደ ነበሩ ይነገራል። ተከላውን ያስፋፋው ግን በደን ትምህርት የሠለጠነ ጓድ ሳይሆን በየግቢውና በየርስቱ የተከለው ሰው ራሱ ነው። ከእንጦጦ ዳገት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ለከተማው ምድጃ ሲያወርዱ የኖሩትን ሴቶች ስለ ሙያው ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከቍጥር አያስገቧቸውም፤ እኔ ግን በአገራችን ከደን የተገኘ የመጀመሪያው የከተማ እንጀራ የእነርሱ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በዘመናዊ ትምህርት በኩል መነሻው የእርሻ ኮሌጁ ነው። ይህ ኮሌጅ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታና በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ተባባሪነት በ1945 ዓ.ም. በጅማ ሥራውን ጀምሮ፥ በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወረ። ተማሪዎቹ በይበልጥ የሠለጠኑት ምርትን ለማብዛት ነበርና ደን በትምህርቱ ዳር ላይ የቆመ እንግዳ ይመስል ነበር። በ1957 ዓ.ም. ስለ መንግሥትና ስለ ግል ደኖች አዋጆች ታወጁ። አዋጁን በየጫካው የሚያስፈጽም የሠለጠነ ሰው ግን በዚያ ዘመን ጥቂት ነበረ።

የዱር አራዊት ጠባቂነት ታሪክ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በሰር ጁልያን ሀክስሊ የተመራ የዩኔስኮ መልእክተኞች ቡድን መጥቶ አገሪቱ ፓርኮች እንዲኖሯት ምክሩን አቀረበ፤ የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ከአዋጁ በፊት ገደማ ሁለት ዓመት ያህል በዋርደንነት በዚያ ተቀምጦ መንገድና ቤት ያሠራው ሲ. ደብሊው. ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነበር። ከርሱ በኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን ዋርደኖች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የቀሰሙት በታንዛኒያ ከሚገኘው ከምዌካ ኮሌጅ ነው።

የሥራው ክብደት ግን ያረፈው በዋርደኑ ላይ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ሁሉም ስካውት እያለ የሚጠራው የፓርኩ ዘበኛ ከዚያው ካካባቢው ሰው ይመለመላል፤ ጠመንጃውን ይዞ፥ ጋቢውን ተከናንቦ፥ ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ውርጭ ላይ ያድራል። ዋሊያ የሚያድነውን፥ ገደሉን የሚያርሰውን፥ ከብቱን በጓሳው ውስጥ የሚያሰማራውን እንዲከለክል ታዟል፤ የሚከለክለው ግን ወንድሙን፥ አማቹን ወይም የክርስትና አባቱን ነው። ጥቂት ደመወዝ ለመቀበል ሲል ከጎረቤቱ ጋር ቂም የሚጋባ ሰው ነው እንጂ፥ በቢሮ ተቀምጦ ዘገባ እንደሚጽፍ ሹም አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚከፍል ይኸው ሆኖ ሳለ፥ በማዕረግም በገንዘብም ከሁሉ በታች መቀመጡ እስከ ዛሬ ያልተቃና ነገር ነው። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ዘንድ ተቈጠረ፤ የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረው ካበቁ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ያም ሆኖ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በተደረገው ቈጠራ የዋሊያው ቍጥር እንደ ገና ማሽቆልቆሉ ታይቷል።

የወሎ ረኀብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ አስነሣ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በየተራራው እርከን የሚሠራ፥ ችግኝ የሚያፈላ፥ ገበሬውን በሰልፍ የሚያሰማራ የአፈር ጥበቃ ሠራተኛ ተበራከተ። ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይሰፈር ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከስዊስ አገር ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ጥናት በደሴ አጠገብ በማይባር፥ በኋላም በአንጀኒ፥ በአንዲት ጥድና በሌሎችም ስፍራዎች ጣቢያ አቆመ። የየጣቢያው ሠራተኛ ዝናሙን ይለካል፤ ጎርፉ ጠርጎ የወሰደውንም አፈር ይመዝናል። ስለ አፈራችን መታጠብ ዛሬ በቍጥር ለመናገር ከቻልን፥ ትልቁ ምክንያት በዝናም ወደ መለኪያው የሮጠው የጣቢያ ሠራተኛ ትጋት ነው።

ነገር ግን ገበሬው የተከለው ዛፍ የማን እንደ ሆነ በግልጥ አልተነገረውም ነበር። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የማኅበር ደኖች በመጥረቢያ ወደቁ፥ የችግኝ ጣቢያዎች ተዘረፉ፥ እርከኖችም ፈረሱ። ብዙዎች ይህን ለገበሬው ድንቍርና ሰጥተውታል፤ እኔ ግን አልስማማም። ባለቤትነቱን የማያውቀውን ነገር የሚጠብቅ ሰው በየትም አገር ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ የደን ባለሙያው ጠባይ መለወጥ ጀመረ። በባሌ በአዳባና በዶዶላ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አንሥቶ፥ በጀርመኖች ተራዳኢነት፥ በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን በውል ተረከቡ፤ ማኅበሩም «ዋጂብ» ተባለ። የደን ሠራተኛውም ከዘበኝነት ወጥቶ የድንበር ለኪ፥ የውል አስማሚና የመካሪ ሥራ ያዘ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ለማኅበረሰብ ደን ሕጋዊ ቦታ ሰጥቶታል።

ከደኑ ወጥተን ወደ ከተማው ስንመጣ፥ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፥ በሙያቸው የዕፀዋት ሊቅ፥ ሊጠቀሱ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የጸደቀው ስለ ሕያዋን ደኅንነት የተደረገው የካርታኼና ስምምነት ሲመከርበት የአፍሪካን ወገን ይዘው የተከራከሩ እርሳቸው ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፥ ፋብሪካም ሆነ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና ስላዘዘ፥ ቀድሞ ያልነበረ የአማካሪነት ሙያ ወለደ። ጥናቱን የሚያስጠናውና ዋጋውን የሚከፍለው ባለ ፋብሪካው ራሱ በመሆኑ ግን አጥኚው ለእውነትና ለከፋዩ በአንድ ጊዜ መታዘዝ ይፈተንበታል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ ሰው በላይ ሲሞት፥ ከሟቾቹ ውስጥ ከክምሩ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ይገኙባቸው ነበር። በዓመቱ ከቆሻሻው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ እዚያው አጠገብ ተመረቀ፤ ለመሐንዲሱ አዲስ የሥራ በር ተከፈተ፤ የለቃሚው በር ግን ወዴት እንደ ተከፈተ ሊጠየቅ ይገባዋል።

መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን፥ ሚኒስቴር፥ ኮሚሽን፥ እንደ ገናም ባለሥልጣን እየተባለ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ስም በተለወጠ ቍጥር የሠራተኛው መደብ እንደ አዲስ ይጻፋልና፥ ወጣቱ ባለሙያ መንፈቅ ያህል ዕጣውን ሲጠብቅ ይከርማል። በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት፥ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር፥ ለአገሪቱ የደን ባለሙያዎችን ሲያፈራ ኖሯል። ተመራቂው ግን ከችግኝ ተከላ ዘመቻው ወራት ውጭ በየወረዳው ምን እንደሚሠራ በግልጥ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይቸገራል። ዘመቻው የተተከለውን ይቈጥራል፤ በሦስተኛው ዓመት የጸደቀውን ለመቍጠር ግን ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

በወላይታ በሑምቦ ከ2,700 ሄክታር በላይ የሆነ የተራቈተ ተራራ የዳነው በአብዛኛው በአዲስ ተከላ አይደለም። ከመሬት በታች የቀሩት ጕቶዎች እንዲያቈጠቍጡ ከብት ተከልክሎ፥ ቀንበጡ እየተመረጠና እየተገረዘ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በዓለም አቀፍ የካርቦን መዝገብ ተመዝግቦ፥ የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዓለም ባንክ ገንዘብ ተቀብለዋል። ይህ ገንዘብ እንዲከፈል በየጊዜው አንድ ሰው ሜትሩን ይዞ ተራራውን መውጣት፥ የእያንዳንዱን ምልክት የተደረገበት ዛፍ ውፍረት በደረት ቁመት ለክቶ መጻፍ አለበት። ለክቶ የሚጽፈውም የዚያው መንደር ልጅ ሲሆን ደኑን ያውቀዋል፤ የጻፈውንም አባቱና ጎረቤቱ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይጠይቁታል።