በሉዊስ ደሴት የጐሣዎች አመጣጥና አሰፋፈር

የአንድን ሕዝብ አመጣጥ ለሚመረምር ሰው ሁለት ምስክሮች አሉት። አንደኛው ሽማግሌዎች የሚቈጥሩት የትውልድ ሐረግ ነው፤ ሁለተኛው ሰውና መሬት የተጠሩበት ስም ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ፣ በሄብሪዲስ ደሴቶች ሰሜናዊ ክፍል ያለችው ሉዊስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኖርዌይ ሰዎች በመርከብ እየመጡ በደሴቲቱ ላይ ሰፈሩ። ብዙዎቹ መንደሮች ዛሬም የሚጠሩት በእነርሱ ቋንቋ ነው። በ1266 በፐርዝ በተደረገው ውል የኖርዌይ ንጉሥ ማግኑስ 6ኛ ሄብሪዲስን ለስኮትላንድ ንጉሥ ለአሌክሳንደር 3ኛ ሲለቅ፣ የሰፋሪዎቹ ዘሮች በዚያው ቀሩ። ውሎ አድሮም የሕዝቡ ሁሉ ቋንቋ ጌሊክ ሆነ።

የሁለቱ ወገን ድብልቅ በጐሣዎቹ ስም ላይ ይታያል። «ማክ» በጌሊክ «ልጅ» ማለት ነው፤ ከ«ማክ» ቀጥሎ የሚመጣው «ሌኦድ» ግን የኖርዌዮች ስም ነው። ደሴቲቱን የገዙት ማክላውዶች ስለዚህ «የሌኦድ ልጆች» ተባሉ። በዩግ የሰፈሩት ማኮሌዎች ደግሞ የኦላፍ ልጆች ናቸው። በሰሜን ጫፍ በኔስ የነበሩት ሞሪሶኖች ዳኝነትን ከአባት ወደ ልጅ ያወርሱ ነበር።

«ክላን» የሚለው ቃል ራሱ «ልጆች» ማለት ነው። ይሁን እንጂ አባላቱ ሁሉ ከአንድ አባት የተወለዱ አልነበሩም። ጥበቃና መሬት ፈልገው የአለቃውን ስም የያዙ ብዙዎች ነበሩ። በሞሪሶኖች አፈ ታሪክም ከሌላ ጐሣ የመጣ ሰው የዳኛውን ወራሽ ልጅ አግብቶ ስሙንም ዳኝነቱንም ወሰደ ይባላል። ስለዚህ ስሙ የደም ብቻ ሳይሆን የቃል ኪዳንም ምልክት ነበር።

ዳሩ ግን ቃል ኪዳን በንጉሥ ደብዳቤ ፊት አልቆመም። በ1598 ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ሉዊስን ከፋይፍ ለመጡ መኳንንት ሰጠ። የደሴቲቱ ሰዎች ተዋግተው ቢያባርሯቸውም፣ በ1610 ማኬንዚዎች መብቱን ገዝተው ጌቶች ሆኑ። በ1844 ደግሞ ነጋዴው ጄምስ ማቲሰን ደሴቲቱን ገዛት፤ በእርሱም ዘመን ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ካናዳ ተሰደዱ። ግብሩን የሚከፍል ጭሰኛ ከመሬቱ እንዳይነቀል ሕግ የደነገገለት በ1886 ነው።

ማክላውዶች ግዛቱን ካጡ አራት መቶ ዓመት አልፏል፤ ስማቸው ግን ዛሬም በደሴቲቱ በብዛት ይገኛል። እንግዲህ የጐሣን ታሪክ የሚያስተምር ሰው «የማን ልጆች ናቸው?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ግማሹን ያጣዋል፤ «መሬቱስ በማን እጅ ነበረ?» ብሎ መጨመር ይገባዋል።