የተራራ ሀብትና የሩቅ ገበያ፦ የሌክ አውራጃ መልክዓ ምድርና የኑሮ ታሪክ

የማዕድን ሀብት ያለው አገር ሁሉ ባለጸጋ ይመስለናል። ዳሩ ግን ሀብቱ ከመሬት በታች መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የሚሸጥበትን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን በሚገባ ከሚያስረዱን ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት መካከል የሚገኘው የሌክ አውራጃ ነው። ስለዚህ የአውራጃውን መልክዓ ምድርና የሕዝቡን የኑሮ ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አውራጃው በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል ይገኛል። በምሥራቅ የሞስኪቶ፣ በምዕራብ የሳዋች ተራሮች ይከብቡታል። በመካከላቸው ካለው ሸለቆ የአርካንሳስ ወንዝ ይመነጭና ረዥም መንገድ ተጕዞ ከሚሲሲፒ ጋራ ይቀላቀላል። ከሮኪ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛ የሆነው የኤልበርት ተራራ ቁመቱ 4,401 ሜትር ነው፤ ይህም ከእኛው ራስ ዳሸን ጥቂት ያንሳል። ዋናው ከተማ ሌድቪል 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ከደብረ ብርሃን ከ200 ሜትር በላይ ይበልጣል።

በአገራችን ገበሬው በዚህ ከፍታ ላይ ገብስ ያመርታል፤ ታዲያ የእነርሱ ገበሬ ለምን አያርስም? ምክንያቱ ይህ ነው። የእኛ ደጋ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ሌክ ግን በሰሜን ኬክሮስ 39 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ በረዶው ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ውርጭ የማይጥልበትም ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ሣር አጭዶ ከብት ከማርባት በቀር እርሻ አይሆንለትም። መሬቱ እንጀራ የማይሰጠው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ነገር ሸጦ እንጀራ መግዛት አለበት። ለሌክ ሕዝብ የሚሸጠው ነገር ማዕድን ሆነ።

ቀድሞ በዚህ ተራራማ አገር የዩት ሕዝብ ይኖር ነበር። በ1860 ካሊፎርኒያ ገልች በሚባለው ሸለቆ ወርቅ ተገኘና በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ተሰበሰበ። በቀላሉ የሚታጠበው ወርቅ ግን ብዙ ዓመት አልቆየም። ወርቅ አጣቢዎቹን ሲያስቸግር የኖረ አንድ ከባድ ጥቁር አሸዋ ነበር። ይህ አሸዋ በ1870ዎቹ ሲመረመር ብር የተቀላቀለበት እርሳስ ሆኖ ተገኘ። ከ1877 ጀምሮ ሕዝብ እንደ ጐርፍ ወደ ሌድቪል ገባ፤ በ1880 በተደረገው ቈጠራ የከተማው ነዋሪ 14,820 ደረሰ። በዚያው ዓመት የባቡር ሐዲድ ገባ። ለማቅለጫ ምድጃዎች ከሰል፣ ለዋሻዎቹም ድጋፍ የሚሆን እንጨት ስላስፈለገ የተራሮቹ ደን ተጨፈጨፈ።

በዚህ ዘመን ከበለጸጉት ሰዎች ስሙ የታወቀው ሆራስ ታቦር የሚባል ባለሱቅ ነው። በ1878 ለሁለት ማዕድን ፈላጊዎች ስንቅና መሣሪያ ሰጠ፤ ውሉም ካገኙት ሁሉ ሢሶው የእርሱ እንዲሆን ነበር። ሰዎቹ ብዙ ብር አገኙና ታቦር ባጭር ጊዜ ከግዛቱ ባለጸጎች አንዱ ሆነ።

ነገር ግን የብር ዋጋ በሌድቪል አይወሰንም ነበር። በ1890 በወጣው ሕግ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት በየወሩ 4.5 ሚሊዮን አውንስ ብር ይገዛ ነበር። በሰኔ ወር 1893 እንግሊዞች የሚገዟት ህንድ፣ ማንኛውም ሰው ብር አምጥቶ ገንዘብ የሚያስመታበትን ሥርዓት አቆመች። በኅዳር ወር የአሜሪካ መንግሥትም የብር ግዢውን ሕግ ሻረ። የብር ዋጋ ወደቀ፤ የማዕድን ጕድጓዶች ተዘጉ። ተራራው እንደ ቀድሞው ብር ነበረው፤ ብሩ ግን የማውጫውን ወጪ እንኳ የማይመልስ ሆነ። ታቦርም ሀብቱን ሁሉ አጥቶ በ1899 የዴንቨር ፖስታ ቤት ሹም ሆኖ ሳለ ሞተ። በ1896 በቀን 2.50 ዶላር የሚከፈላቸው ሠራተኞች 3 ዶላር እንዲሆንላቸው ጠይቀው ሥራ ቢያቆሙም፣ አድማው በመጋቢት ወር 1897 ያለ ውጤት ቀረ።

ከዚህ በኋላ አውራጃው ሌላ ማዕድን አገኘ። በክላይማክስ በ1879 አንድ ግራጫ ማዕድን ታይቶ ነበር፤ ያየው ሰው ግን ምን እንደሆነ አላወቀም። ይህም አረብ ብረትን የሚያጠነክረው ሞሊብደነም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ በ1918 ማውጣት ተጀመረ። ጦርነቱ ቢያልቅ ፈላጊ ጠፋና በ1919 ተዘጋ። በ1924 እንደገና ተከፍቶ ለብዙ ዓመታት ከዓለም ሞሊብደነም አብዛኛውን ሰጠ። በ1980 ገደማ 3,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ወዲያው የብረት ፋብሪካዎች ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኞቹ ተባረሩ፤ በ1980 8,830 የነበረው የአውራጃው ሕዝብ በ1990 ወደ 6,007 ወረደ። ማዕድኑ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2012 ነው።

ትርፉ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የማዕድኑ አተላ ግን በስፍራው ቀረ። ከአሮጌዎቹ ዋሻዎች የሚወጣው ውሃ እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም ይዞ ወደ አርካንሳስ ወንዝ ይገባ ነበር። በ1983 መንግሥት ካሊፎርኒያ ገልችን መጽዳት ከሚገባቸው እጅግ የተበከሉ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ የማጽዳቱም ሥራ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ዛሬ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ተራራ አቋርጠው በጎረቤት አውራጃዎች በሚገኙ የበረዶ መንሸራተቻ ከተሞች ይሠራሉ። በ1983 የተጀመረው የ100 ማይል የእግር ሩጫም በየዓመቱ እንግዶችን ያመጣል።

እንግዲህ የሌክ ሕዝብ ሰነፍ አልነበረም፤ ተራራውም ሀብት አላጣም። ችግሩ ኑሮውን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ መጣሉ፣ የዚያም ነገር ዋጋ በማያያቸው ሰዎች እጅ መሆኑ ነበር። ስለዚህ አንድ ማዕድን ተገኘ ሲባል ስንሰማ «ስንት ኩንታል ነው?» ብለን ብቻ አንለፍ። በጥጋቡ ዘመን ትርፉ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለሌላ ሥራ መዋሉን፣ ጕድጓዱ ሲዘጋም ውሃውን የሚያጠራው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። ይህን አስቀድሞ የጠየቀ አውራጃ ማዕድኑ ቢያልቅበት እንኳ ሕዝቡ አይበተንበትም።