ቀኖናውና ጓዳው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በሰባቱ አጽዋማትና በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ ምእመናኗ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከሥጋና ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ርቀው እንዲኖሩ ስትደነግግ፣ ቀኖናው አጥብቆ የሚናገረው ስለሚከለከለው ነገር በመሆኑ፣ ገበሬው በምን ኃይል ሞፈር እንደሚጨብጥ፣ ካህኑም በምን ጉልበት ማሕሌት እንደሚቆም የማሰቡ ዕዳ በጓዳዪቱ እመቤት ላይ ወደቀ።

እርሷም ከባዶ አልጀመረችም። ከጣና በስተ ምሥራቅ በበጌምድር ዋሻዎች በተደረገ ቁፋሮ ሽንብራና ሌላም ጥራጥሬ ከገብስ ጋር ተገኝቶ፣ ዘመኑ ከልደተ ክርስቶስ በፊት 500 ዓመት ገደማ ሆኖ ስለ ተገመተ፣ ጥራጥሬው በደጋው አገር ከክርስትናው በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

ጥበቧ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በስልጆ ነው። የባቄላ ዱቄት ከተወቀጠና ከተጣራ ሱፍ ውሃ ጋር በእሳት ላይ እየተማሰለ ከወፈረ በኋላ፣ ሲበርድ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት፣ እስኪኮመጥጥ ድረስ ለጥቂት ቀናት ተከድኖ ይቀመጣል፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ለገበታ ሲቀርብም ሰናፍጩ አፍንጫ ገብቶ የጾመኛውን ዓይን እንባ ያስቀርረዋል (እንባው የንስሐ አለመሆኑን አበው ይቅር ይበሉን)። ሥጋ ያማረው ቤተ ሰብ ደግሞ ከሽንብራ ሊጥ ዓሣ ተቀርጾለት፣ በዘይት ተጠብሶ በወጥ ይቀርብለታል።

የምግብ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከደረቅ ባቄላና ከምስር ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ በጤፍና በገብስ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ይበዛል፤ ለጥራጥሬው የሚጎድለውን ሜቲዮኒንን ደግሞ እህሉ ይሞላለታል። ሽሮን በእንጀራ የሚበላ ሰው ሚዛን ሳይዝ ሁለቱን አስተካክሎ ይበላል።

ነገር ግን ታሪኩ ሁሉ ምስጋና አይደለም። ሌላው ሰብል በድርቅ ጠፍቶ ጓያ የተባለው ጥራጥሬ ብቻውን የወራት ቀለብ በሆነባቸው ዘመናት፣ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ጎልማሶች እግራቸው ሰልሎ በምርኩዝ ቀርተዋል፤ ጥፋቱም የድህነት እንጂ የጾም አልነበረም።

የሆነ ሆኖ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን ባለሙያዎች ጡት ለጣሉ ሕፃናት ፋፋ የተባለውን ምግብ ሲያዘጋጁ፣ ከስንዴውና ከወተት ዱቄቱ ጋር ከቀላቀሏቸው አንዱ ያው የሽንብራ ዱቄት ነበር።