በኮግኒቲቭ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ለሚያቅዱ ተማሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ኮግኒቲቭ ሳይንስ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያስተውል፣ እንደሚያስታውስ፣ ቋንቋ እንደሚለምድና ውሳኔ እንደሚሰጥ የሚያጠና የሙያ መስክ ነው። ሥነ ልቦናን፣ ሥነ ልሳንን፣ ፍልስፍናን፣ ኮምፒውተር ሳይንስን፣ የነርቭ ሳይንስንና አንትሮፖሎጂን ያጣምራል። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ኢትዮጵያ ሕፃናት የፊደል ገበታን እንዴት ለይተው እንደሚያነቡ ማወቅ ለመስኩ ተስማሚ የጥናት ርዕስ ነው።

የዘርፍ ምርጫ

መስኩ በዋናነት በተለያዩ የትምህርት ክፍሎች ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ ዕቅዱ የሚጀምረው ከ11ኛ ክፍል የዘርፍ ምርጫ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚመደቡበት ሲሆን ሥነ ልሳንና ፍልስፍና በአብዛኛው ከማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። የዘርፍ ምርጫ በኋላ የሚገኙትን አማራጮች ስለሚወስን በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳም ሆነ በሌሎች የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አካባቢዎች የሚማሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ከወላጆቻቸውና ከትምህርት ቤታቸው መምህራን ጋር አስቀድመው ሊመክሩ ይገባል።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያና የአንደኛ ዓመት ቆይታ

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ማምጣት ለመደበኛ መግቢያ መሠረት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ በመሆኑ አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ጭምር ይመዝናል። በአንደኛ ዓመት ከሚሰጡት የጋራ ትምህርቶች መካከል አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ እንዲሁም ሒሳብ ለመስኩ መሠረት ይጥላሉ። የትምህርት ክፍል ምደባ በውጤትና በምርጫ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የአንደኛ ዓመት ውጤት ከፍተኛ ክብደት አለው።

ዋና ትምህርትን ማሟላት

ሥነ ልቦናን ወይም ሥነ ልሳንን የመረጠ ተማሪ ስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ቢጨምር፣ ኮምፒውተር ሳይንስን የመረጠ ደግሞ ስለ ማስታወስና ስለ ቋንቋ አለማመድ የሚያስተምሩ ኮርሶችን ቢከታተል ለድኅረ ምረቃ ጥናት ይዘጋጃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስንም ከዚሁ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተና የሚሰጠው ተማሪው በተመደበበት የትምህርት ክፍል በመሆኑ ተጨማሪ ኮርሶች ዋናውን ትምህርት ሊያዘናጉ አይገባም።

ውጭ ሀገር ለመማር ለሚያስቡ

በአሜሪካ የሚገኘው ቫሳር ኮሌጅ በ1982 እ.ኤ.አ. በመስኩ የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት የጀመረ ሲሆን ዛሬ በልዩ ልዩ ሀገራት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች አሉ። ወላጆች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የተቋሙን ሕጋዊ ዕውቅና፣ የነፃ ትምህርት ዕድሉ የሚሸፍነውን ወጪና የትምህርቱን አሰጣጥ ሊያጣሩ ይገባል። በውጭ ሀገር የተገኘ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ መስፈርቱን አስቀድሞ መጠየቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ተማሪዎች የትምህርት ማስረጃዎቻቸውን ዋናና ቅጂ በጥንቃቄ እንዲይዙ፣ ስማቸውም በሁሉም ሰነዶች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እንዲያረጋግጡ ይመከራል።