የወፍጮ ቤቱን ሞተር ያቆመው ምንድን ነው?

ለዓመታት መጋዘን ተዘግቶበት የኖረ የወፍጮ ሞተር ሲገኝ አብዛኛው ሰው የሚፈርደው በመልኩ ነው። መዘውሩ ዝጓል፣ ማርሚታው ተበስቷል፣ በታንከሩ ሥር ጥቁር አተላ ተጋግሯል። «አለቀለት» ይባልና ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ይሸጣል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። የቢቸናንና የሞጣን አገር ያለፈ ታሪክ አስቦ የወፍጮ ሞተርን አሠራር ለመረመረ ሰው፣ የቆመውን ሞተር ዳግም እንዳይነሣ ያደረገው በአመዛኙ ባለቤት ማጣቱ እንደሆነ ይገለጥለታል። ዝገት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራውንም የሚሠራው በዝግታ ነው።

ቢቸናና ሞጣ ያሉበት ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። ጤፍ ደግሞ ለፈጪ አይራራም፤ ፍሬው ደቃቅ፣ የሚፈለገውም ዱቄት የላመ ነው። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሥራ የሴቷ ነበር። በዶሮ ጩኸት ተነሥታ፣ በጭቃ መደብ ላይ በተሠራው የድንጋይ ወፍጮ አጎንብሳ፣ መጁን በሁለት እጇ እየገፋች ለእንጀራ የሚሆነውን ታደርሳለች። የናፍታ ወፍጮ ገበያውን ተከትሎ ወደ ከተሞቹ ሲገባ ያንን ድካም ከጓዳ አውጥቶ በሳንቲም የሚከፈልበት አገልግሎት አደረገው። ስለዚህ ሞተሩ ሲቆም ቤተሰቡ ወይ እህሉን በአህያ ጭኖ ራቅ ወዳለው ወፍጮ ይሄዳል፣ ወይ ወደ መጁ ይመለሳል፤ ኪሳራውን በሂሳብ መዝገብ የሚጽፍ የለም። በእኔ ግምት የወፍጮ ቤት ታሪክ በቁም ነገር ሳይጻፍ የቀረውም ለዚህ ነው። ሲሠራ ጩኸቱን አገር ይሰማዋል፤ ሲቆም ግን ሸክሙ የሚያርፈው ብዕር ባልጨበጡ እጆች ላይ ነው።

ሞተሩ ራሱ ምስክር ነው። በወፍጮ ቤት ስማቸው ከሚጠራው አንዱ የእንግሊዙ ሊስተር ነው። በደርስሊ ከተማ የነበረው ይህ ኩባንያ በዝግታ የሚዞረውን የናፍታ ሞተሩን ያወጣው በ1929 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያው 5 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በደቂቃ 600 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ዛሬ ገበያውን የሞሉት ቀላል የናፍታ ሞተሮች ከ2,000 በላይ ይዞራሉ። እንግሊዞች እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ሠሩት፤ በሕንድ፣ በራጅኮት አካባቢ፣ እሱን አስመስለው የሚሠሩት ደግሞ ከዚያም በኋላ ቀጠሉ። ባትሪ አይፈልግም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም፤ ክፍሎቹ ወፍራምና በቁጥር ጥቂት ናቸው። ከዓመታት በኋላ ሲቀሰቀስ ባለሙያው መጀመሪያ ማርሚታውን ፈትቶ አይጥ ወይም ተርብ የሠራበትን ጎጆ ያወጣል። ቀጥሎ ኢንጀክተሩን ነቅሎ በቀዳዳው ናፍታና ዘይት ቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሩ ያፈስና ይተወዋል። የተጣበቀው የፒስቶን ፋሻ እስኪላቀቅ አንድ ቀንም ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቸኩሎ መዶሻ የሚያነሣ ሰው ዝገት ያልገደለውን ሞተር ይገድለዋል። መዘውሩ ወዲህና ወዲያ በጥቂት በጥቂቱ ሲነቀነቅ ይለቃል። ከዚያ ያረጀው ዘይት ከነውሃው ይቀዳል፣ ታንከሩ ይታጠባል፣ ፊልትሮው ይጸዳል፣ ከፖምፓው አየር ይወጣል። ኢንጀክተሩ ውጭ ሲሞከር ናፍታውን እንደ ጉም መርጨት አለበት፤ ካንጠባጠበ ሞተሩ አይነሣም። በመጨረሻም ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘው ማንሻ ተነሥቶ መዘውሩ በእጅ ይዞራል፤ ፍጥነት ሲያገኝ ማንሻው ይለቀቅና ሞተሩ ይይዛል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ስሱ አየር ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ያህል ይቀንስበታል። በአንጻሩ በበረዶ አገር ውስጡ የቀረ ውሃ ረግቶ ብረቱን የሚሰነጥቅበት አደጋ እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ለተቀመጠ ሞተር የጎጃም ደጋ ክፉ አገር አይደለም።

እንግዲህ ብረቱ ይህን ያህል ታጋሽ ከሆነ የቆመበትን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው። በደርግ ዘመን የእህል ወፍጮ ከገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዋና ዋና ንብረቶች አንዱ ነበር። ማኅበራቱ በ1970 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 138 ሕጋዊ መልክ ያዙ፤ ሱቅ፣ መጋዘንና ወፍጮ ነበራቸው። አባልነቱ ግን በአብዛኛው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ነበር፤ ሊቀ መንበሩም ከገበሬው ይልቅ ለካድሬው ይቀርብ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ይህ አሠራር ተናጋ። በ1983 ዓ.ም. አጋማሽ በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎጃም በኢሕአዴግ ጦር እጅ ገባ። በአገሪቱ ብዙ ቦታ የማኅበራት ንብረት የተዘረፈውና የፈረሰው በዚያው የሽግግር ጊዜ ነው፤ ያልተዘረፈውም ተቆልፎበት ቀረ። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አዲስ አዋጅ፣ ቁጥር 147፣ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለፉት 8 ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ማኅበሩ ፈርሷል፣ ቁልፍ ያዡ ተነሥቷል፣ ሞተሩን ልጠግን ለሚል ሰውም ወጪውን የሚተካለት አካል አልነበረም። ከቆመ ሞተር ላይ ፖምፓው ወይም ቺንጋው ማታ ተፈትቶ ሲሄድም «የኔ ነው» ብሎ የሚጮኽ ሰው አይገኝም።

የዚህ አካባቢ ሰው ለንብረቱ ግድ የለውም የሚል ካለ 1960 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው» ብሎ ገማቾቹን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ፤ ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ለእርሻ ማሳው እስከ ሞት የቆመ ሕዝብ፣ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የማኅበሩ ሞተር ሲዝግ ዝም ብሎ አይቷል። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ ተወላጁ ሁሉ በስም የሚቆጠርበት ሀብት ነበር። የማኅበሩን ሞተር ግን ማንም ከአያቱ አልወረሰውም፣ ማንም በስሙ አልተሟገተበትም።

በዚያው አገር ሌላ ማስረጃ አለ፤ ሰባራ ድልድይ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የዓባይ ድልድይ ሞጣን ከቤጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱ ቅስቱ ፈረሰ። የቀረው ግንብ ግን ቆሞ ነበር። ቢሆንም ጠላት ከወጣ በኋላ 60 ዓመት ያህል ሰው በወገቡ ገመድ አሥሮ በክፍተቱ ላይ እየተጎተተ ተሻገረ። ድልድዩ የሁለት ጠቅላይ ግዛቶች ወሰን ላይ ስለነበር ለሁለቱም ዳር ነበር፤ ለአንዳቸውም የራሳቸው ጉዳይ አልሆነም። ክፍተቱ የተሸፈነው በ1994 ዓ.ም. ገደማ በውጭ በጎ አድራጊዎች ነው፤ ያንን ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። «አሮጌ ሞተር መቀስቀስ የድህነት ጥበብ ነው፤ መብራት በገባበት ከተማ ዲናሞ እያለ ማን ናፍታ ያቃጥላል?» ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። መስመሩ በማይቋረጥበት ቦታ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ይረክሳል፣ አየሩንም አያጨስም፤ አሮጌውን ለናፍቆት ብሎ ማስነሣት ሞኝነት ነው። ሲሊንደሩ በዝገት የተቦረቦረ፣ ኮሎው የተሰበረ ሞተርም ቢሸጥ አልከራከርም። ነገር ግን መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፣ መስመር ያልደረሰው ቀበሌም አለ፤ እዚያ የሚወዳደሩት ሁለቱ ሞተሮች ሳይሆኑ ሞተሩና መጁ ናቸው። ደግሞም ባለቤት ያጣ ንብረት ላይ የሚደርሰው ለናፍታው ሞተር ብቻ የተጻፈ ዕጣ አይደለም፤ ነገ ኃላፊ ሲቀየር ዲናሞውም ይደርስበታል።

ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች፣ የቆመውን ሞተር ለቁርጥራጭ ብረት ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ባለሙያ መዘውሩን በእጁ ሞክሮ ይይ። በንብረት መዝገባችሁም ላይ ከሞተሩ ቁጥር ጎን የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ በስም ይጻፍ።