ፎርጅድ ሞናሊዛ የሚሸጠው ቀበሮ

በቪዲዮ ጌም ውስጥ ታላላቅ ሥዕሎችን እየገዙ መሰብሰብ የሚባል ነገር እንዳለ የማያውቁ አንባብያን ጥቂት አይደሉም፡፡ ልጆቻቸው ግን ያውቃሉ፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ኦርጂናሉ ከፎርጅዱ በምን እንደሚለይና ሕግ ስለ ነገሩ ምን እንደሚል ባጭሩ ማስረዳት ነው፡፡ ለዚህም በጣም ከታወቁት አንዱን፣ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ የሠራውን «አኒማል ክሮሲንግ» እንውሰድ፡፡

ጨዋታው

የ«አኒማል ክሮሲንግ» የመጀመሪያው ጌም በጃፓን የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ እዚህ የምንነጋገርበት «ኒው ሆራይዘንስ» የተባለው በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የሥዕል ክፍሉ የተጨመረለት በቀጣዩ ወር ነው፡፡ ተጫዋቹ በአንዲት ደሴት ላይ ቤት ሠርቶ፣ ዛፍ ተክሎ፣ ዓሣ አጥምዶ ይኖራል፡፡ በደሴቲቱ ላይ ሙዚየም አለ፤ ኃላፊውም ብላዘርስ የሚባል ጉጉት ነው፡፡ ሙዚየሙ 30 ሥዕሎችና 13 ሐውልቶች፣ በድምሩ 43 የጥበብ ሥራዎች ይቀበላል፡፡ ሁሉም በእውኑ ዓለም ያሉ ሥራዎችን መሠረት ያደረጉ ናቸው፡፡

ሥራዎቹን ይዞ የሚመጣው ሬድ የተባለ ቀበሮ ነው፡፡ በጀልባ መጥቶ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ዳርቻ ይቆማል፡፡ መጀመሪያ ሲመጣ አንዱን ሥዕል 498,000 ቤል ይጠራበታል (ቤል የጌሙ ገንዘብ ነው)፤ ከዚያ «ዘመዴ» ብሎ ወደ 4,980 ያወርደዋል፡፡ ያ የመጀመሪያው ሥዕል ኦርጂናል ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ግን ከሚያቀርባቸው መካከል ፎርጅድ ይቀላቀላል፡፡ ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘዴ ወዲያው ይለየዋል፤ በመጀመሪያው ሽያጭ እምነት ይገዛል፣ በኋለኞቹ እምነቱን ይሸጣል፡፡

ተጫዋቹ ከጀልባው በቀን ከአንድ በላይ ሥራ መግዛት አይችልም፡፡ ፎርጅድ ገዝቶ ወደ ሙዚየሙ ቢወስድ ጉጉቱ አይቶ ይመልስበታል፡፡ የደሴቲቱ ሱቅም አይገዛውም፡፡ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከመስቀል ወይም ከመጣል ያለፈ ብዙ ምርጫ የለውም፤ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ፍርድ ቤትም በደሴቲቱ ላይ የለም፡፡

መለያዎቹ

ከመግዛቱ በፊት ተጫዋቹ ሥራውን ቀርቦ እንዲመረምር ይፈቀድለታል፡፡ ዋና ዋናዎቹን መለያዎች እነሆ፡፡

የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞናሊዛ፡- በፎርጅዱ ላይ ቅንድቦቿ ወደ ላይ ተነሥተዋል፡፡

የዳ ቪንቺ «ቪትሩቪያን ማን»፡- ፎርጅዱ በስተቀኝ ጥግ የቡና እድፍ አለበት፡፡

የቨርሜር «የሉል ጉትቻ ያደረገችው ልጃገረድ»፡- በፎርጅዱ ላይ ጉትቻው የኮከብ ቅርጽ አለው፡፡

የቨርሜር «ወተት ቀጂዋ»፡- ወተቱ በቀጭኑ መውረድ ሲገባው በፎርጅዱ ላይ ይንዶለዶላል፡፡

የብሩጌል «አዳኞች በበረዶ ላይ» (1565 እ.ኤ.አ.)፡- በፎርጅዱ ላይ ያለው አዳኝ አንድ ብቻ ነው፡፡

የማይክል አንጄሎ ዳዊት፡- ፎርጅዱ መጽሐፍ ይዟል፡፡

የሮዜታ ድንጋይ፡- ፎርጅዱ ሰማያዊ ነው፡፡

ዲስክ ወርዋሪው፡- ፎርጅዱ የእጅ ሰዓት አስሯል፡፡

ፎርጅድ የማይገኝላቸውም አሉ፡፡ የቫን ጎህ «የሱፍ አበቦች»ና «ከዋክብታማው ሌሊት»፣ የሆኩሳይ ታላቁ ማዕበል፣ የሮዳን «አሳቢው ሰው» ሁልጊዜ ኦርጂናል ናቸው፡፡

በእውኑ ዓለም ግን ፎርጅድ የእጅ ሰዓት አስሮ አይመጣም፡፡ ሆላንዳዊው ሐን ቫን ሚኸረን ቨርሜርን አስመስሎ ሥሎ በ1930ዎቹ ስመ ጥር ሊቃውንትን አሞኝቷል፤ አንዱን ሥራውን የሮተርዳሙ ሙዚየም እንደ ቨርሜር ገዝቶ ሰቅሎታል፡፡ ከጦርነቱ በኋላ ለናዚው ሹም ለጎሪንግ የሆላንድን ቅርስ ሸጠሃል ተብሎ በተያዘ ጊዜ «የሸጥኩት ራሴ የሣልኩትን ነው» ብሎ አመነ፡፡ በ1947 እ.ኤ.አ. በማጭበርበር ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ሞተ፡፡

ሕጉ

ለመሆኑ አንድ ኩባንያ የዳ ቪንቺን ሥዕል በጌም ውስጥ ሲሸጥ ማንን ያስፈቅዳል? በቅጂ መብት ሕግ ማንንም፡፡ የቅጂ መብት ዕድሜው የተወሰነ ነው፡፡ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሠሪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ ጃፓንም በ2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ከ50 ወደ 70 አሳድጋዋለች፡፡ በእኛ አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ዘመኑን 50 ዓመት አድርጎታል፡፡ ዳ ቪንቺ የሞተው በ1519፣ ሮዳን በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ዘመኑ ሲያልፍ ሥራው የሕዝብ ይሆናል፡፡ በ1973 እ.ኤ.አ. የሞተውን ፒካሶን በዚህ ሙዚየም ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ሥራዎቹ በአውሮፓ እስከ 2043 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተጠበቁ በመሆናቸው ይህ የሕግ ሰውን አያስደንቅም፡፡

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፡፡ ጣሊያን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቅርስ ሕግ መሠረት፣ የመንግሥት ሙዚየሞች በእጃቸው ያለውን ሥራ ለንግድ የሚቀዳን ሰው ክፍያ ይጠይቃሉ፡፡ የቬኒስ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ራቨንስበርገር ኩባንያ «ቪትሩቪያን ማን»ን በመገጣጠሚያ ጨዋታ ላይ እንዳያውል አግዶት ነበር፤ የሽቱትጋርት ፍርድ ቤት ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ሕግ ከጣሊያን ውጭ አይሠራም ሲል ወሰነ፡፡ ሌሎች ሙዚየሞች ተቃራኒውን መንገድ መርጠዋል፡፡ የሎስ አንጀለሱ ጌቲና የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን በ2020 እ.ኤ.አ. ሰዎች ሥዕሎቻቸውን ወደዚሁ ጌም በነፃ የሚያስገቡበትን መሣሪያ አዘጋጁ፤ ሜትሮፖሊታን ብቻ ያቀረበው ከ400,000 በላይ ምስሎችን ነው፡፡

በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ የሁለተኞቹ ነው፡፡ ዲስክ ወርዋሪውን ተመልከቱ፡፡ ግሪካዊው ሚሮን ከነሐስ የሠራው ኦርጂናል ጠፍቷል፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሮማውያን የቀዱትን ነው፡፡ የቀዳ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚመስል እንኳ ባላወቅን ነበር፡፡ ስለዚህ መቅዳት በራሱ ጥፋት አይደለም፡፡ ጥፋቱ ቅጂን ኦርጂናል ነው ብሎ መሸጥ ነው፡፡ ቅርሱ የሁሉም ሆኗል ማለት ውሸቱም ተፈቅዷል ማለት አይደለም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1704 ይህን ያውቃል፤ ባይታለል ኖሮ ውሉን የማይገባ የነበረ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፡፡ ቀበሮው በደሴቲቱ ላይ የሚሠራው ሥራ እኛ ዘንድ ቢሆን ዳኛ ፊት ያቆመው ነበር፡፡

ሆኖም ዳኛ የሚደርሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው፡፡ የአንድን ሥዕል ፎርጅድ ለመለየት ኦርጂናሉን ማወቅ ግድ ይላል፤ አዳኞቹ ስንት እንደሆኑ የማያውቅ አንዱ ብቻ መቅረቱን አያይም፡፡ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ፡፡ ልጃችሁ ይህን ጌም ሲጫወት ብታገኙት፣ ጊዜህን አታባክን ከማለታችሁ በፊት ወተቱ በቀጭኑ ይወርድ ወይስ ይንዶለዶል እንደሆነ ጠይቁት፡፡ ከመለሰላችሁ፣ ብዙ ጎልማሳ ገዢ የሌለውን ዓይን አግኝቷል ማለት ነው፡፡