በፀሐይ ፊት ያለፈች ነጥብ

ደጋግሜ የማየው አንድ ፎቶግራፍ አለ። ሰፊውን የፀሐይ ገጽ ሞልቶ ያነሣ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ሁለት ቅንጣት ጥላዎች ይታያሉ፤ ተለቅ የምትለው አትላንቲስ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ አነስ የሚለው ደግሞ ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። ያነሣው ፈረንሳዊው ቲየሪ ሌጎ ሲሆን፣ ቦታው ፍሎሪዳ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2009 ነው።

ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው። ኬፕለር ሜርኩሪ በ1631 በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ አስልቶ ተናገረ፤ ራሱ ግን ሳያያት በ1630 ሞተ። ፓሪስ ላይ ሆኖ የጠበቃት ፒየር ጋሳንዲ ነበር። የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ አሳልፎ ወረቀት ላይ ሲያሳርፍ፣ ያያት ነጥብ እጅግ ከማነሷ የተነሣ በፀሐይ ላይ የሚታይ ተራ ጥቁር ነቁጥ መስላው ነበር። በ1874 ደግሞ ዡል ዣንሰን ቬነስን ለማንሣት ጃፓን ድረስ ተጓዘ። ይዞት የሄደው መሣሪያ እንደ ሽጉጥ እየተሽከረከረ በ72 ሰከንድ 48 ፎቶግራፎች የሚያነሣ ነበር። ለሲኒማ መወለድ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ይኸው መሣሪያ ነው።

ፈለኮቹ በፀሐይ ፊት ለማለፍ ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። አትላንቲስና ሐብል ግን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ይከንፉ ስለነበር፣ ያለፉት በ0.8 ሰከንድ ነው። ይህን ለማየት የሚቻልበት የመሬት ሰቅ ስፋቱ ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንሺው አስቀድሞ ስፍራውን በስሌት ይመርጣል፤ ቴሌስኮፑን ዓይንና መሣሪያ እንዳይቃጠል በፀሐይ ማጣሪያ ይሸፍናል፤ ከዚያም ሰዓቱን አምኖ ካሜራውን በተከታታይ ያስነሣል። ዓይኑን ጨፍኖ ከከፈተ አለፈው ማለት ነው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ብልሃቱ ብቻ አይደለም። በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች አልቀዋል። ሐብልን ሊጠግኑ በአትላንቲስ የወጡትም ሰባት ነበሩ። አደጋ ቢደርስባቸው ከሐብል ምሕዋር ተነሥተው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መሸሽ አይችሉም ነበር። ስለዚህም ኤንዴቨር የተባለችው ሌላ መንኮራኩር ለነፍስ አድን ተዘጋጅታ ማስወንጨፊያው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

እንግዲህ በዚያች ነጥብ ውስጥ ሰባት ነፍስ አለ። ሥራቸውን ፈጽመው ሜይ 24 ቀን በሰላም ተመለሱ፤ ፎቶግራፉ ግን መመለሳቸው ገና ባልታወቀበት ሰዓት የተነሣ ነው። ጋሳንዲ ባያት ነጥብ ሜርኩሪ ከተገመተው በላይ ትንሽ መሆኗን ተማረ። እኔ በዚህኛው ነጥብ የምማረው የእኛኑ ትንሽነት ነው፤ ትንሽነታችንን እያወቅን መውጣታችንንም ጭምር።